ዜማ ያጽናናል ወይስ ያስረሳል?

ሰው ሲከፋው ያንጐራጉራል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ወፍጮ ላይ ያደረች እናት፣ ከብት የሚጠብቅ እረኛ፣ ከአገሩ ርቆ በሰው ቤት የሚሠራ ስደተኛ፣ በፈተና ሰሞን መብራት ጠፍቶበት በጨለማ የተቀመጠ ተማሪ፣ ሁሉም በየራሱ ዜማ ልቡን ይደግፋል። ስለዚህ ዜማ በመከራ ጊዜ መንፈስን ያነሣል ሲባል የሚክድ ሰው አይገኝም። እኔም አልክድም። ልጠይቅ የምፈልገው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ያነሣል ከተባለ ወዴት ነው የሚያነሣን? ከወደቅንበት አንሥቶ ወደ ወንድማችን ያስጠጋናል? ወይስ ወንድማችንን ከምናይበት ሥፍራ አንሥቶ ያርቀናል?

መድኃኒት ሁለት ዐይነት ነውና። አንዱ ቍስሉን ያድናል፤ ሌላው ቍስሉ እንዳይሰማን ያደነዝዛል። ማደንዘዣም በቦታው መልካም ነው፤ ሐኪም ያለ እርሱ ቢላዋውን አያነሣም። ይሁን እንጂ በማደንዘዣ ብቻ የዳነ በሽተኛ የለም።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ግንቦት 11 ቀን በሚነበበው ስንክሳር እንደ ተጻፈው፣ ሊቁ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። ያሬድ ግን ማሕሌቱን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም፤ ንጉሡም አላወቀም። በየቤተ ክርስቲያኑ የተሣለውን ሥዕል ያላየ ያለ አይመስለኝም፤ ካህናቱ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ ወፎቹ ከላይ፣ ጦሩ ከታች።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነገረን የተመስጦን ጥልቀት ለማሳየት ነው። ዘማሪው ሥጋውን እስኪረሳ ድረስ ዘመረ ይባላል፤ መልካም ነው። እኔ ግን ሥዕሉን ባየሁት ቍጥር ዐይኔ የሚያርፈው በንጉሡ ላይ ነው። ያሬድ ያልተሰማው የራሱ ቍስል ነው። ንጉሡ ያልተሰማው ግን የሌላው ሰው ቍስል ነው፤ ያውም ራሱ የወጋው። አንዱ ዜማ፣ በአንዲት ሰዓት፣ በአንድ ሥፍራ፣ ለአንደኛው ሕመሙን የሚያስችል ጸጋ ሲሆን ለሁለተኛው በእጁ የያዘውን እንዳያይ መጋረጃ ሆነበት። ይህን ስል ንጉሡን መውቀሴ አይደለም፤ ኋላ ምን እንዳደረገ እንመለስበታለን።

ጦር የያዘ ንጉሥና የሚዘምር ሰው አንድ ላይ የተገኙበት ሌላም ታሪክ አለ። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። ስለ ዜማ ፈዋሽነት የሚናገሩ ሁሉ ይህን ይጠቅሳሉ፤ ብዙዎቻችንም እዚያው ላይ መጽሐፉን እንዘጋለን። ሁለት ምዕራፍ ወደ ፊት ብንገልጥ ግን ያው ዳዊት እንደ ልማዱ ሲደረድር፣ ያው ሳኦል ጦሩን ወርውሮ ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቀው ሲሞክር እናገኛለን (18፥10-11)። በምዕራፍ 19 ደግሞ ነገሩ ይደገማል። በመካከሉ ምን ገባ? ዘፈን ነው የገባው። ሴቶች ከየከተማው ወጥተው ከበሮ እየመቱ ለዳዊት ከሳኦል የበለጠ ውዳሴ ሰጡት፤ ቅናትም በንጉሡ ልብ አደረ። እንግዲህ ሳኦልን ያሳረፈውም ዜማ ነው፤ ያሳበደውም ዜማ ነው። በገናው እፎይታ ሰጠው እንጂ ልብ አልሰጠውም። ዕረፍቱን ተቀበለ፤ ያሳረፈውን ሰው ግን ጠላ።

ፈላስፎችም በዚህ ጉዳይ ተጨንቀውበታል። አፍላጦን ስለ መልካም መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ፣ በሦስተኛው ክፍል፣ የልቅሶ ቅኝቶችና የመጠጥ ቤት ለስላሳ ቅኝቶች ከከተማይቱ እንዲወገዱ፣ የጀግንነትና የእርጋታ ቅኝቶች ብቻ እንዲቀሩ ይፈልጋል። ልቅሶ ሰውን ያላላል ብሎ ፈራ። በበኩሌ አፍላጦን መዝጋት የማይገባውን በር የዘጋ ይመስለኛል። በዓለም ታሪክ ስንመለከት ከልቅሶ ዜማ ይልቅ የጀግንነት ዜማ ብዙ ጦር በብዙ እግር ላይ አስተክሏልና። ይልቅስ አውግስጢኖስ ነገሩን በሁለት ወገን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ386 በሚላኖ ከተማ ንግሥት ዩስቲና የምእመናኑን ቤተ ክርስቲያን ለአርዮሳውያን ለማስረከብ በተነሣች ጊዜ፣ ሕዝቡ ከጳጳሱ ከአምብሮስዮስ ጋር በውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ያ ሕዝብ በኀዘንና በድካም እንዳይዝል እንደ ምሥራቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ልማድ መዝሙር መዘመር የተጀመረው ያን ጊዜ መሆኑን «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፏል። ያው አውግስጢኖስ በዚያው መጽሐፍ ራሱን ይመረምራል፤ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ የድምፁ ጣዕም ብቻ ሲነካው እንደሚበድል ያምናል። ዜማ እንዳጸናው ያውቃል፤ ዜማ ሊወስደው እንደሚችልም ያውቃል።

«ታዲያ መርሳት ራሱ መልካም አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በመዝሙር ክፍላችን ያለች አንዲት እኅት በዚህ ነገር ስንከራከር ሰው በቀን አንድ ሰዓት እንኳ መከራውን ካልረሳ ያብዳል አለችኝ። ክብደት ያለው ነገር ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ መከራው ከልክ ያለፈበት ቦታ ሄደን ነገሩን እንመርምረው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ የምትባለውን የሌኒንግራድን ከተማ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1941 ጀምሮ ከበባት፤ ከበባው የተነሣው በጥር 1944 ነው። በመጀመሪያው ክረምት የቢሮ ሠራተኛውና ሥራ የሌለው ሰው የቀን ድርሻ 125 ግራም ዳቦ ነበር፤ ያውም ዱቄቱ ከባዕድ ነገር የተቀላቀለ። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ ሞተ። በዚህ መካከል የከተማይቱ የሬዲዮ ኦርኬስትራ የሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ እንዲጫወት ታዘዘ። አቀናባሪው ሥራውን የጀመረው በዚያችው ከተማ ሳለ ነው፤ መታሰቢያነቱንም ለከተማይቱ ሰጥቷል። ከሙዚቀኞቹ መካከል መጫወት የሚችሉት 15 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ሞተዋል፤ ወይም አልጋ ላይ ናቸው፤ ወይም ግንባር ናቸው። የመጀመሪያው ልምምድ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተቋረጠ። መለከት የሚነፋ ሰው ትንፋሽ ያስፈልገዋል፤ ትንፋሽ ደግሞ እንጀራ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሙዚቀኞቹ ተጨማሪ ምግብ ተሰጠ፤ ከጦሩም መካከል መሣሪያ የሚችሉ ወታደሮች ተፈልገው መጡ። በካርል ኤልያስበርግ መሪነት ነሐሴ 9 ቀን 1942 በፊልሃርሞኒክ አዳራሽ ተጫወቱ። በድምፅ ማጉያ ለከተማይቱ ሁሉ ተሰማ፤ ወደ ጠላት ምሽግም ተላለፈ።

በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ሰዎች ረሃባቸውን ረስተው ነበርን? እኔ አይመስለኝም። ሊረሱ ቢፈልጉ ቀለል ያለ ዘፈን ይበቃቸው ነበር። የሰሙት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ በመካከሉ የጦርነት ከበሮ የሚያጉረመርምበት፣ ለራሳቸው ከተማ የተሰጠ ሥራ ነው። በየቤታቸው ለየብቻ፣ ያለ ድምፅ የተሸከሙትን መከራ አሁን በትልቅ ድምፅ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙት። ይህ መርሳት አይደለም። የመርሳት ተቃራኒ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ጸጥታው እንዲገኝ የሶቪየት መድፎች አስቀድመው የጀርመንን መድፎች ደብድበው ዝም አሰኝተዋል። መድፍ መንገድ የጠረገለትን ዜማ እንዴት ማየት እንደሚገባን እኔ እስከ ዛሬ ልወስን አልቻልሁም። እናንተም አስቡበት።

በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያው በአውሮፓ፣ ሌላ ኦርኬስትራ ነበር። በኦሽዊትዝ የናዚ ማጎሪያ ሰፈር የእስረኛ ሴቶች ኦርኬስትራ ተቋቁሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ ሞተችበት እስከ 1944 የመራችው ቫዮሊን ተጫዋቿ አልማ ሮዜ ናት። እስረኞቹ ጠዋት ለሥራ ሲወጡ፣ ማታ ሲገቡ፣ ሴቶቹ በሰፈሩ በር ላይ ማርሽ ይጫወቱ ነበር። ከተጫዋቾቹ አንዷ አኒታ ላስከር-ዋልፊሽ ከሞት ተርፋ እንደ ተረከችው፣ ሰዎችን ወደ ሞት የሚለየውና በሕፃናት ላይ ሙከራ የሚያደርገው ዶክተር ሜንገለ ወደ እርሷ መጥቶ የሹማንን አንድ ለስላሳ ሥራ በቼሎ እንድትጫወትለት ጠይቋት ተጫውታለታለች። ያ ሰው ጥሩ ዜማ ይወድ ነበር። ምናልባትም ከሥራው በኋላ መንፈሱን አነሣለት። ጦሩ ግን ከነደሙ በቦታው ነበር።

ይህን ካነበብሁ ወዲህ «ሙዚቃ የሚወድ ሰው ክፉ አይሆንም» የሚለውን አባባል ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። ለእስረኞቹ ያ ኦርኬስትራ አንድ ቀን ጨምሮ መኖር ማለት ነበር፤ ማን ይወቅሳቸዋል? ያው ድምፅ ለገዳዩ ምቹ ወንበር ሆነለት። ልዩነቱ ከዜማው ውስጥ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ይመሰክራል? የሹማን ቁራጭ አንድም ድምፅ አልተለወጠበትም።

እንግዲህ ወደ ዐፄ ገብረ መስቀል እንመለስ። ማሕሌቱ ሲፈጸም ንጉሡ ደሙን አየ። አየና ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቀለ፤ ለፈሰሰው ደም ዋጋ የፈለግኸውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድም እንዳይከለክለው አስምሎ፣ መንኵሶ እንዲኖር አሰናብተኝ ብሎ ጠየቀው። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፤ መሐላ ነውና ግን ለቀቁት። ልብ በሉ! ንጉሡ ለቍስሉ የከፈለው ወርቅ አይደለም። መጽናኛውን ራሱን፣ ያን ድምፅ ነው የከፈለው። ለእኔ ገብረ መስቀልን ከሳኦል የሚለየው ይህ ነው። ሁለቱም ጦር ይዘው ሰሙ፤ ሁለቱም በዜማ አረፉ። አንዱ ዜማው ሲያልቅ ወደ ታች ተመለከተ።

በፊልጵስዩስ ወኅኒ ጳውሎስና ሲላስ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጣብቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት ሲዘምሩ እስረኞቹ ያደምጧቸው ነበር (የሐዋ. 16)። ምድር ተናወጠች፤ በሮቹ ተከፈቱ። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው እስከዚህ ድረስ ነው። የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የወኅኒው ጠባቂ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ሰይፉን መዝዞ ራሱን ሊገድል ሲል፣ ጳውሎስ በጨለማው ውስጥ ሆኖ ተዉ ሁላችንም እዚህ አለን ብሎ ጮኸለት። የዘመረው ሰው ራሱ የቆሰለ ነው፤ ዜማው ግን የአሳሪውን ሰይፍ ከማየት አላገደውም። ተከፍቶ የነበረውን በር ትቶ ለአንድ ጠባቂ ነፍስ ቆመ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ፤ ነገሩ እዚህ ይሰፋል። ሊቃውንቶቻችን የቅዱስ ያሬድን ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። አራራይ የሚለውን ስም ሲፈቱት የሚያራራ፣ ልብን የሚያለሰልስ ይላሉ። የሚያስደስት አላሉትም፤ የሚያስረሳም አላሉትም። የሚራራ ሰው ለማን ነው የሚራራው? ከራሱ ውጭ ላለ ነው እንጂ። እንግዲህ ጣዕም ላለው ዜማ ስም ሲያወጡ ሥራውን ከነአቅጣጫው ነግረውናል ማለት ነው።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮውና ጸናጽሉ ይሰቀላሉ። ሊቃውንቱ ጾመ ድጓውን በመቋሚያ ብቻ እየዘመሙ ያቆማሉ። የደስታ መሣሪያ ሳይጠፋ፣ በዕቃ ቤት ሳለ፣ እንዲያርፍ ማድረግ እንዴት ያለ ጥበብ ነው! የዛሬው ሰው ሲከፋው ፈጥኖ ከበሮውን ያነሣል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ለኀዘን የራሱን ወራት ሰጥታ፣ ከበሮውን ለትንሣኤ ታቆየዋለች። በቤት ውስጥ የሚሰማው በገናው ነው። በገናን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ዐሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ አውታሩ በሚያርፍበትም ላይ እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገቡበታል። ያ ንብ የሚመስል፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚመጣው ከእነዚህ ቁራጮች ነው። እነርሱ ቢወጡ አውታሩ ጥርት ብሎ ይጮህ ነበር። እኔ ይህን ሳስብ፣ ድምፁ ጥርት ማለቱን ትቶ መንዘሩን መምረጡ ለኀዘንተኛ የተስማማ ይመስለኛል። በገና ደርዳሪው የሚያዜመው ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ምሕረት ልመና ነው። ማንም አያጨበጭብለትም። እንዲህ ያለውን የሰማ ሰው ይበልጥ መከፋት ነበረበት። ነገር ግን አያቶቻችን የበገና ድምፅ ሰምተው ሲነሡ ፊታቸው ቀለል ብሎ እናያለን።

ይህ እንዴት ይሆናል? የሚመስለኝን ልናገር። ኀዘን መልክ የለውም። ከየት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ሌሊት ይመጣል፣ ምግብ ላይ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ይመጣል። ዜማ ግን መነሻ አለው፣ መመለሻ አለው፣ ማረፊያ አለው። ኀዘኑን ወደ ዜማ ያስገባ ሰው ክብደቱን አልቀነሰም፤ እጀታ ነው ያበጀለት። እጀታ ያለውን ሸክም ደግሞ ሁለት ሰው ሊይዘው ይችላል።

ስለ ጆሮ ማዳመጫም አንድ ቃል ልናገር፤ የእኛ ዘመን ነገር ነውና። በዩኒቨርሲቲ ግቢ በአንድ መኝታ ክፍል ስድስት ሆነን እንተኛለን፤ ማታ ስድስታችንም በየጆሯችን የየራሳችንን ዜማ እናዳምጣለን። መዝሙር የሚሰማም አለ፣ ዘፈን የሚሰማም አለ። አንዱ ከቤቱ ክፉ ወሬ ደርሶት ሲያለቅስ ቢያድር አምስቱ አይሰሙትም። ማዳመጫውን አውልቁ ማለቴ አይደለም፤ ያለ እርሱ ማጥናትም አይቻልም። ነገር ግን መዝሙር መሆኑ ብቻ ነገሩን አይለውጠውም። መዝሙር ሰምተን አጠገባችን ያለውን ካልሰማን ከገብረ መስቀል የመጀመሪያዋ ሰዓት አላለፍንም።

በዚህ ጉዳይ ከሰማኋቸው ሰዎች ሁሉ ልቤን የነኩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1923) በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው በዚያ ሙዚቃ ተማሩ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በአዚናራ ደሴት፣ ኋላም በሌላ የኢጣልያ ሥፍራ ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ አጠኑ። ወደ ውጭ ሄደው ትምህርቱን ለመቀጠል የነበራቸው ተስፋ ግን ሳይሳካ ቀረ። ያን ጊዜ ሙዚቃውን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፤ መንኵሰውም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው በዚያ ተራራ ኖሩ።

እስከዚህ ያለው የአንዲት የተከፋች ነፍስ ታሪክ ነው። በኋላ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ በጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የቆሎ ተማሪዎች በየደጀ ሰላሙ ሜዳ ላይ ተኝተው ያዩአቸው ነበር። ዜማ ሊማሩ ከሩቅ የመጡ፣ መጠለያ የሌላቸው ልጆች ናቸው። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ፒያኖው ነው። ድርሰቶቻቸውን በጀርመን አገር በሸክላ አሳተሙ፤ ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳማችን ኖሩ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ያ ፒያኖ ስሙን እንኳ በማናውቀው አገር የተጨነቀ ሰው ሌሊት ያዳምጠዋል። ድርሰታቸው የተጀመረው ራሳቸውን ለማጽናናት ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ለዜማ ትምህርት ሲሄዱ ደጁ ላይ የተኙትን ልጆች ግን ተራምደው አላለፉም።

ስለ ራሳችን የመዝሙር አገልግሎት የምለው ይህ ነው። ልማዳችን ሆኖ ከአባላቱ አንዱ ኀዘን ሲደርስበት ወደ ልቅሶ ቤቱ ሄደን እንዘምራለን። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችን እናቷን ቀበረች። ከመሄዳችን በፊት ክርክር ተነሣ። ግማሾቹ የትንሣኤን መዝሙር ከበሮ እየመታን እንዘምርላት፣ ክርስቲያን ተስፋ እንደሌለው ሰው አያዝንም አሉ። ሌሎቹ መጽሐፈ ምሳሌ (25፥20) ላዘነ ልብ መዝፈንን በብርድ ቀን ልብስ ከመግፈፍ ጋር እንደሚያመሳስለው አስታወሱ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርሁ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው በመሬት ላይ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ምንም ነውር አልነበረባቸውም፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ደግሞም የአገራችን አልቃሽ ይህን ታውቃለች፤ የሟችን ስምና ሥራ እየጠራች ታስለቅሳለች እንጂ ኀዘንተኛውን አታስፈነድቅም። አባቶች ደረት መድቃቱንና ፊት መንጨቱን ከለከሉን እንጂ እንባውን አልከለከሉንም።

ከበሮውን ትተን ሄድን። ድንኳን ውስጥ ወንበር ደረደርን፣ ውኃ ቀዳን፣ ንፍሮ አዞርን። እኅታችን ማንንም አላናገረችም። በሦስተኛው ቀን ማታ እንግዳው ሁሉ ተበትኖ፣ ከእኛ መካከል አምስት ያህል ልጆች በጓሮ በሳፋ ውኃ ሲኒ እናጥብ ነበር። እርሷም ከውስጥ ወጥታ ጉልበቷን ሰብስባ በደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ እናቷ ትወደው የነበረውን አንድ መዝሙር በቀስታ፣ ለራሷ የምታንጐራጉር ያህል፣ ጀመረች። ድምፅዋ በሁለተኛው ስንኝ ላይ ተቆረጠ። እኛም ሲኒውን ከእጃችን ሳናስቀምጥ ተቀበልናት።